የምግብን ዕድሜ ማወቅም የማኅበር ሥራ ነው

ከመገናኛ ተነሥቶ በጉርድ ሾላና በሲ.ኤም.ሲ. አድርጎ ወደ አያት፣ ወይም በገርጂና በጎሮ አልፎ ወደ ቦሌ አራብሳ የሚጓዝ ሰው ዛሬ በግራና በቀኝ የሚያየው ፎቅና አስፋልት ነው። ይሁን እንጂ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በፊት የዚሁ ምድር አብዛኛው ጤፍ፣ ስንዴና ጥራጥሬ የሚዘራበት፣ ወተትና እንቁላል በአህያና በሰው ጫንቃ ወደ ከተማ የሚገባበት የገበሬ መሬት ነበር። በ2013 ዓ.ም. የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲቋቋም ከነዋሪዎቹ መካከል ላም የሚያልቡ፣ ዶሮ የሚያረቡ፣ በተረፈቻቸው ማሳም የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩበት፤ ዛሬም አሉበት።

የእነዚህ ገበሬዎች አኗኗር ሲለወጥ ከቤታቸው አብሮ የተለወጠ አንድ ትልቅ ነገር አለ። እርሱም ጎተራው ነው። በደጅ ቆሞ ነፋስ ያገኝ የነበረው ጎተራ ፈርሶ እህሉ በኩንታል ሆኖ ከቆርቆሮ ቤት ጥግ ወይም ከጋራ መኖሪያ ቤት ማድ ቤት ገብቷል። ከኩንታሉ ጎን የታሸገ ዘይት፣ የቆርቆሮ ቲማቲም፣ የዱቄት ወተት ተደርድሯል። በአንዳንዱ ቤትም ማቀዝቀዣ ገብቷል። እናት ከእናቷ የወረሰችው የምግብ አያያዝ ዕውቀት ግን ለጎተራ፣ ለጎታና ለጭስ ቤት የተበጀ ነበር። ስለዚህ በየቤቱ አንድ ጥያቄ በየዕለቱ ይነሣል፤ «ይህ ምግብ እስከ መቼ ይበላል? መቼስ መጣል አለበት?» የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ የሚሰማ የማኅበር መሪ «ይህማ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ የእኛ ሥራ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ገበያ ነው» ይል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ማስረዳት ነው። የምግብን ዕድሜ ማወቅ የልማት ሥራ አንድ ክፍል በመሆኑ በማኅበሩ አጀንዳ ላይ ሊሰፍር ይገባል።

የኩንታሉ ቁጥርና የአፉ ቁጥር

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ ከማኅበራቱ የሚጠበቀው ሪፖርት ስንት ሄክታር ታረሰ፣ ስንት ኩንታል ተመረተ፣ ስንት ኩንታልስ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገባ የሚል ነበር። ኮታው በ1982 ዓ.ም. ቀርቷል፤ ድርጅቱም ዛሬ የለም። የሪፖርቱ ልማድ ግን አልቀረም። ዛሬም በኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብሰባ ላይ የሚቀርበው የተመረተውና የተሸጠው እንጂ ከተመረተው ውስጥ ስንቱ ለሰው አፍ በደኅና እንደ ደረሰ አይደለም።

አንድ ገበሬ ከማሳው ሃያ ኩንታል በቆሎ አስገብቶ ሦስቱን ነቀዝ ቢበላበት፣ ሁለቱም ቢሻግቱበት፣ ያመረተው ሃያ ሳይሆን አሥራ አምስት ነው። ላረሰበት፣ ለማዳበሪያው፣ ለአረሙና ለአጨዳው የከፈለው ድካም ግን የሃያ ነው። እንግዲህ አምስቱን ኩንታል ማትረፍ ተጨማሪ መሬት ሳይጠይቅ፣ ተጨማሪ ዝናብ ሳይጠበቅ የሚገኝ ምርት ነው። መሬቷ በከተማ መስፋፋት ለጠበበችበት የምሥራቅ አዲስ አበባ ገበሬ ደግሞ ይህ ከማንም ይልቅ ሊገባው የሚገባ ሒሳብ ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደ ገለጸው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በዓለም ላይ 1 ቢሊዮን ከ50 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ምግብ ሳይበላ ባክኗል። ከዚህም ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ የባከነው በፋብሪካ ወይም በምግብ ቤት ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ነው።

መጣል ነውር የሆነበት ምክንያት

በእኛ አገር ምግብ መጣል ነውር ነው። የወደቀ እንጀራ አንሥቶ የሚስም፣ ፍርፋሪ እንዳይረገጥ የሚለቅም ሕዝብ ነን። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረኀብን ያየ አባት ወይም እናት «ይህ ተበላሽቷልና ይደፋ» ሲባል ልባቸው እሺ አይልም። ይህ አስተያየት ከክፉ ልማድ የመጣ ሳይሆን ከመከራ የተገኘ ትምህርት ስለሆነ የሚከበር ነው። የጤና ሠራተኛውም ሆነ የልማት ሠራተኛው ይህን ሳይረዳ «ጣሉ» ብሎ ቢያዝዝ የሚሰማው አያገኝም።

ይሁን እንጂ ነውሩን ሽሽት የተበላሸውን መብላት ከነውሩ የባሰ ጉዳት ያመጣል። በብዙ ቤት የሚታየውን እናስታውስ። እንጀራው በአንድ በኩል ሻግቶ ሲገኝ የሻገተው ተቆንጥሮ ይጣልና የቀረው ይበላል። ወጡ ሲሸት ደግሞ እንደ ገና ተንተክትኮ፣ በርበሬ ተጨምሮበት ይቀርባል። ከዚያም ያለፈው «ለላሟ ይሆናል» ተብሎ ለከብት ይሰጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀድሞ የሚጎዳው ሕፃኑ፣ እርጉዟና ሽማግሌው ነው። የሕክምና ወጪውና የባከነው የሥራ ቀን ሲታሰብ ከአንድ ድስት ወጥ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

መፍትሔው ብዙ መጣል አይደለም። መፍትሔው ምግቡ ለመጣል እስኪደርስ አለመጠበቅ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ እያንዳንዱ ምግብ የሚቆይበትን ጊዜ የምታውቅ ቤት የምትጥለው እጅግ ጥቂት ነው።

እህሉ በጎተራ

ከእህል ሁሉ ጤፍ የታደለ ነው። ቅንጣቱ እጅግ ትንሽ በመሆኗ ነቀዝ በውስጧ ሊራባ ስለማይችል፣ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር ግን እንደዚያ አይደሉም። በቆሎን የሚበላው ነቀዝ በሞቃት ጊዜ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመራባት የሚበቃው በአምስት ሳምንት ያህል ነው። ስለዚህ ጥቂት ነቀዝ ይዞ የገባ እህል በጥቂት ወራት ውስጥ ዱቄት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከነቀዝ ይልቅ የሚያሠጋው ግን በዓይን የማይለየው ጠላት ነው። እርጥበት ባለው እህል ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ በዓለም የታወቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ በልተው በሞቱ ጊዜ ነው። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረዥም ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ሲገባም የጉበት ነቀርሳ (ካንሰር) ያስከትላል። በማብሰልም ሆነ በመቁላት አይጠፋም።

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በጎረቤታችን በኬንያ በ1996 ዓ.ም. የደረሰው ለሁላችንም ትምህርት ሊሆነን ይገባል። በዚያ ዓመት በምሥራቃዊው የአገሪቱ ክፍል ገበሬዎች በቤታቸው ያከማቹት በቆሎ በእርጥበት ሻግቶ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። የተመገቡት ከሩቅ የመጣ ወይም በፋብሪካ የተበላሸ ምግብ አልነበረም። በብዙው በእጃቸው ያመረቱትና በገዛ ቤታቸው ያስቀመጡት በቆሎ ነበር።

በአገራችንም ቢሆን በ1980ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ በሽሮና በተፈጨ በርበሬ ላይ የተደረገ ምርመራ ከናሙናዎቹ በአንዳንዶቹ ይህን መርዝ አግኝቷል። ስለሆነም ሽሮና በርበሬ በሚገባ ሳይደርቁ መፈጨት የለባቸውም። ከተፈጩም በኋላ እርጥብ ማንኪያ በማይገባበት፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ሊቀመጡ ይገባል።

እህል ለጎተራ መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ የግድ አይደለም። አንድ ደረቅ የመስተዋት ጠርሙስ ወስዶ እስከ ሲሶው ድረስ እህል መጨመር፣ ጥቂት ደረቅ ጨው ማከል፣ ከድኖ ደኅና አድርጎ መነቅነቅና ሩብ ሰዓት ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ስለሆነ ተመልሶ ይሰጣ። ጨው ካልተለጠፈ ለማስቀመጥ ወደሚበቃ ድርቀት ተቃርቧል ማለት ነው። የሚሰጣውም በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በሰሌን ላይ ሊሆን ይገባል።

ለነቀዝ ደግሞ ዛሬ መርዝ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ፒክስ በሚል ስም የሚታወቀው ከረጢት ሦስት ድርብርብ ነው፤ ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች አየር አያስገቡም፤ የውጪው ማዳበሪያ ደግሞ ላስቲኮቹን ይጠብቃል። እያንዳንዱ ለብቻው አፉ ሲታሠር ነቀዙ በውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። ዘዴው የሚሠራው ግን እህሉ ደርቆ ከገባ፣ ላስቲኩ ካልተበሳና በየቀኑ ካልተከፈተ ብቻ ነው። እርጥብ እህል በዚህ ከረጢት ማሠር ሻጋታን መቀለብ ነው። የነቀዝ ክኒን የሚባለው ደግሞ መርዛም ጋዝ የሚያወጣ ስለሆነ ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ይልቁንም መስኮት ተዘግቶ በሚታደርበት ጠባብ የከተማ ቤት ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ አይገባውም።

«ለላሟ ይሆናል» የሚለው ስሕተት

በምሥራቅ አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለ ገበሬ አንዱ መተዳደሪያው ወተት ነው። ስለዚህ የሚከተለው ነገር የማኅበር መሪዎች ልዩ ትኩረት ሊሰጡት የሚገባ ነው።

በጉርድ ሾላ ግቢ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከሚገኙ የወተት አምራቾችና ነጋዴዎች 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። በሁሉም ናሙናዎች ውስጥ ከአፍላቶክሲን የሚመነጨው መርዝ ተገኝቷል። ከእነዚህም ውስጥ በ29ኙ መጠኑ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ከሚፈቅደው፣ ይኸውም በኪሎ ግራም ግማሽ ማይክሮ ግራም ከሚሆነው፣ በላይ ነበር። የመኖ ናሙናዎቹም ሁሉ ይኸው መርዝ የተገኘባቸው ሲሆን ዋናው ምንጭ ሆኖ የተጠቆመው የኑግ ፋጉሎ ነበር። የዚህ ነገር ወሬ በከተማው በተሰማ ጊዜ አንዳንዱ ሸማች ወተት መግዛት ፈርቶ እንደ ነበር ይታወሳል። ጉዳቱ ለሸማቹ ጤናም ለገበሬው ኪስም መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ላሟ የበላችው የሻገተ ነገር በሆዷ ውስጥ ጠፍቶ አይቀርም። የመርዙ አንድ ክፍል በወተቷ ይመለሳል። ወተቱ ቢፈላም መርዙ አይጠፋም። እንግዲህ እናት ለልጇ የከለከለችውን የሻገተ እንጀራና የሻገተ ቂጣ ለላሟ ስትሰጥ፣ ያው ነገር በብርጭቆ ሆኖ ለልጇ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ለዶሮም መስጠት መፍትሔ አይሆንም፤ የቱርክ ዶሮዎቹን ታሪክ ከላይ አይተናል።

ደስ የሚለው ነገር ግን አለ። ላሟ የተበከለውን መኖ መብላት ካቆመች መርዙ ከወተቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ዛሬ የታረመ አያያዝ በሚቀጥለው ሳምንት ወተት ላይ ውጤቱ ይታያል። ፋጉሎና ፍሩሽካ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ማስቀመጥ፣ ከወር ወይም ከሁለት ወር ፍጆታ በላይም አከማችቶ ክረምቱን አለማሳለፍ ይገባል። የሻገተው ደግሞ ቦታው ከአፈር ጋር የሚደባለቅ የብስባሽ ማዳበሪያ ጉድጓድ ነው። እዚያ ከገባ መጣሉ ቀርቶ ለማሳ ማዳበሪያ ሆነ ማለት ነው።

በማድ ቤት ሊታወቁ የሚገባቸው ቀኖች

ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘረውን የማኅበር መሪው ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ በቤቱ ቢጀምረው ለሌላው ለመናገር አፍ ይኖረዋል።

እንጀራ በአዲስ አበባ አየር ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ስለሚበዛ ያጥራል። ትኩስ እንጀራ በሞሶብ ሲደራረብ ላቡ ሻጋታ ስለሚጠራ ቀዝቅዞ ይከደን። በሦስተኛው ቀን የማያልቅ መሆኑ ከታወቀ ሳይሻግት በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሁን። የሻገተን እንጀራ ቆንጥሮ መብላት ግን ጥቅም የለውም፤ በዓይን የሚታየው የሻጋታው አበባ እንጂ ክሩ ወደ ውስጥ ዘልቋል።

የበሰለ ምግብ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ወርዶ 5 ዲግሪ እስኪደርስ ያለው መካከል ተሕዋስያን የሚራቡበት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ በቤት ውስጥ እንዳይቆይ ይመክራል። ለማደር የሚፈለገው ወጥ በትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ ቶሎ ቀዝቅዞ ወደ ማቀዝቀዣ ቢገባ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ግን ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ቢሠራ ይበጀዋል። «አንተክትኬዋለሁ» የሚለው ምክንያትም ሁልጊዜ አይሠራም፤ አንዳንድ ተሕዋስያን በወጡ ውስጥ የተዉት መርዝ እሳት አይፈራምና።

በጾም ቀኖች ምክንያት የሚመጣ አንድ የእኛ የራሳችን ችግርም አለ። ማክሰኞ ማታ የተረፈ የሥጋ ወጥ ረቡዕ ስለማይበላ እስከ ሐሙስ፣ የሐሙሱም እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ የሚሠራው የፍስክ ወጥ በልክ ሊሆን ይገባል። አያቶቻችን በቅበላ ሰሞን ወተቱን፣ ቅቤውንና ሥጋውን አሟጠው የሚጨርሱት ለደስታ ብቻ አልነበረም፤ ለጾሙ ወራት የሚበላሽ ነገር በቤት እንዳይቀር ጭምር ነበር። ይህ ጥበብ በየሳምንቱም ሊሠራበት ይችላል።

ጥሬ ወተት ከታለበ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ሊፈላ ወይም ሊቀዘቅዝ ይገባዋል። ከፈላ በኋላ በማቀዝቀዣ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። እርጎ ኮምጣጣነቱ ስለሚጠብቀው ከወተት ይበልጥ ይቆያል። አይብ ግን ውሃው ብዙ ስለሆነ በጥቂት ቀናት ሊበላ ይገባል። ለጋ ቅቤ ሲነጠር ውሃው ስለሚወጣ ለወራት ይቆያል፤ ንጥሩን ቅቤ እርጥብ ማንኪያ ካገኘው ግን ዕድሜው ያጥራል።

ጥሬ ሥጋ በማቀዝቀዣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ የተፈጨ ወይም የተከተፈ ከሆነ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን ሊያልፍ አይገባውም። ቋንጣ በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ እስኪሰበር ድረስ ከደረቀ ለወራት ይቆያል። እንቁላል ያልተሰነጠቀ ከሆነ በቀዝቃዛ ቦታ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ከማስቀመጥ በፊት ማጠብ ግን ቅርፊቱን የሚጠብቀውን ልባስ ያነሣበታል። ድንች በጨለማ ይቀመጥ፤ ፀሐይ አግኝቶት አረንጓዴ ከሆነ ወይም ብዙ ከበቀለ መራራው ነገር ጎጂ ስለሆነ አይበላ።

መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ሳይከፈት ከቆየ ቅዝቃዜው አራት ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ሥጋና ወተት በቶሎ ሊበስል፣ ወይም ሞቆ ብዙ ከቆየ ሊጣል ይገባዋል። መበላሸቱ የሚያጠራጥርን ነገር ደግሞ «እስቲ ልቅመሰው» ብሎ መፈተን አይገባም፤ ጎጂው ነገር ሁልጊዜ ሽታም ጣዕምም አይሰጥምና።

በቆርቆሮው ላይ ያለው ቁጥር

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር በታሸጉ ምግቦች ላይ የሚጻፈው ቀን ነው። ይህ ቀን አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ገበሬው ግን ዓመቱንም ወሩንም የሚቆጥረው በእኛ ነው። «2025» የሚል የተጻፈበትን ዘይት ያየች እናት በእኛ ቆጥራ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል ብትል አይፈረድባትም። እውነቱ ግን የአውሮፓውያኑ 2025 ከጥር እስከ ጳጉሜን ባለው በእኛ 2017፣ ከመስከረም በኋላ ባለው ደግሞ 2018 ነው። ወሩም እንዲሁ ነው። «03» የሚለው ቁጥር በእኛ ሦስተኛው ወር ኅዳር ሳይሆን የአውሮፓውያኑ መጋቢት ሲሆን፣ ይህም የእኛ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ ሁለት ዓይነት ቀን መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ምግቡ ከዚያ ቀን በኋላ መበላት የለበትም የሚል ሲሆን፣ ይህ በወተት፣ በሥጋና ይህን በመሳሰሉ ቶሎ በሚበላሹ ምግቦች ላይ የሚጻፍ ነው፤ ሊታለፍ አይገባም። ሁለተኛው «እስከዚህ ቀን ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚል ነው። ይህ ስለ ጣዕሙና ስለ ጥራቱ የሚናገር በመሆኑ እንደ ፓስታ፣ ሩዝና ብስኩት ያለው ደረቅ ምግብ እሽጉ ካልተቀደደ፣ ካልረጠበና ካልነቀዘ ቀኑ በማለፉ ብቻ መርዝ አይሆንም። ያበጠና የዛገ ቆርቆሮ ግን ቀኑ ቢቀረውም ይጣል። አንድ ዕቃ ከተከፈተ በኋላም የተጻፈው ቀን አይሠራም፤ ከዚያ ወዲህ የሚቆጠረው የተከፈተበት ቀን ነው።

ከማኅበር መሪዎች የሚጠበቀው

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ቤት ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የማኅበር መሪን ማስቸገር ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን አንዲት እናት ብቻዋን የማትችለውን ማኅበር ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉት አምስት ነገሮች በመጪው የማኅበር ስብሰባ ላይ ቢቀርቡ ተገቢ ነው እንላለን።

አንደኛ፣ ሦስት ድርብርቡን ከረጢትና የማድረቂያ ሸራ ማኅበሩ ለአባላቱ በጅምላ ገዝቶ ከአጨዳ በፊት ቢያቀርብ፣ ገበሬው እህሉ ከገባ በኋላ ከሚፈልግ ይሻለዋል።

ሁለተኛ፣ በማኅበሩ መጋዘንም ሆነ በየቤቱ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ የገባበት ወርና ዓመት ይጻፍ፤ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይውጣ። ይህ ሥራ የሚጠይቀው አንድ ከሰል ወይም አንድ እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ፋጉሎ ሲገዛ የማኅበሩ ተወካይ ከረጢቱን ከፍቶ ሳያይ አይረከብ። የሻገተ፣ የረጠበና የተጋገረ መኖ ዋጋው ቢረክስም አይግባ።

አራተኛ፣ የእኛንና የአውሮፓውያንን ወሮችና ዓመታት የሚያስተያይ ሠንጠረዥ በማኅበሩ መጋዘንና በሸማቾች ሱቅ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉ አባላት ተማሪ ልጆቻቸው እንዲያነቡላቸው ይደረግ። ገበሬዎች ምርታቸውን ይዘው በሚወጡበት የእሁድ ገበያም ይህ ሠንጠረዥ ቢሰቀል ሸማቹም ይጠቀማል።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ የጎተራው ቁልፍ ያለው በእናቶች እጅ ሆኖ ሳለ ስለ ጎተራው የሚነገርበት ስብሰባ የአባወራዎች ብቻ መሆኑ ይቅር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የምግብ ንጽሕናን ከትምህርቶቹ አንዱ አድርጎ ይዞታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የግብርና ሠራተኛው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ ባልና ሚስት በተገኙበት ቢያስተምሩ አንዱ ስለ ማድረቅ ሌላዋ ስለ ማብሰል የሚናገሩት ነገር አንድ ይሆናል። እናቶችም የሚያስተምሩት አላቸው፤ ድርቆሽን፣ ቋንጣንና ንጥር ቅቤን የፈጠረው የእነርሱ ጥበብ ነውና።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም ከውጭ የሚጠበቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ዘንድሮ አንድ ማኅበር ከአባላቱ መካከል በአሥር ቤቶች ብቻ ቢጀምርና ከአጨዳ እስከ ክረምት ስንት ኩንታል እንደ ተበላሸ፣ ስንት ኩንታልም እንደ ተረፈ መዝግቦ ቢይዝ፣ በመጪው ዓመት ለቀሩት አባላት የሚያሳየው የራሱ ማስረጃ ይኖረዋል። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ሪፖርት «ይህን ያህል አመረትን» ከሚለው መሥመር ቀጥሎ «ከዚህም ውስጥ ይህን ያህሉ ሳይበላሽ ተበላ፣ ተሸጠም» የሚል አንድ መሥመር ይጨመርበታል። የገበሬው ድካም በሙሉ የሚታየው በዚያ መሥመር ነው።